የራሾ ጌኖ መወርወሪያ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ወርቅአፈራሁን በር ዳር አስቀምጠዋታል። በሠርግም በር ዳር፣ በተዝካርም በር ዳር፣ በክርስትናም በር ዳር። ዝናብ ሲዘንብ የቀሚሷ ጫፍ ይርሳል። የሚገባው ይረግጣታል፣ የሚወጣው ይዘላታል። ወጥ የያዘችው ልጅ ቤቱን ሁሉ አዳርሳ ስታበቃ ነው ወደ እሷ ዞር የምትለው። ዋጫ ያሉት ዘመዶቿ "የራሾ ጌኖ ልጆች ቦታ በር ነው" ይላሉ፤ ብለውም አይቀሩ፣ ያስቀምጧታል። ይህን ቂም እንደያዘች አገባች፣ ወለደች፣ ባል ቀበረች፣ ጸጉሯ ሸበተ። ዛሬ ደግሞ ቂሙ አልበቃ ብሏት የራሾ ጌኖን የበር መወርወሪያ ራሱን ተሸክማ፣ ቦንጋ መናኸሪያ፣ የዋጫ ሚኒባስ ላይ እየወጣች ነው።

መወርወሪያው የሰው ቁመት ሊሆን አንድ ስንዝር የቀረው፣ እንደ ጎልማሳ ክንድ የወፈረ፣ ከዕድሜው ብዛት የጠቆረ ጥርብ እንጨት ነው። በጆንያ ጠቅልላ፣ ሁለት ቦታ በሲባጎ አስራዋለች።

"እናት፣ እሱ ፖርቶ መጋላ ላይ ይውጣ፤" አለ ረዳቱ እጁን ዘርግቶ።

"አይወጣም።"

"ታዲያ ሰው ምን ላይ ሊቆም ነው? ለመሆኑ ምንድን ነው?"

"የአያቴ አባት ናቸው።"

ሰው ሳቀ። ረዳቱም ነገር አያጣም፤ "እንግዲያው ለእሳቸውም ይከፈላላ!" አለ።

"መጀመሪያ አንተ ወንበር ስጣቸው፤ ከዚያ ይከፍሉሃል።"

መወርወሪያውን በተሳፋሪው እግር መካከል አጋደመችውና አጠገቡ ተቀመጠች። ከጎኗ ታናሽ ወንድሟ ኤርምያስ ነበር። ኤርምያስ አስተማሪ ነው፤ ድምፁን ከፍ ማድረግ የሚያውቀው ክፍል ውስጥ ብቻ ነው።

"እትዬ ወርቄ፣ ሰው ይታዘበናል እኮ።"

"ይታዘበን።"

"ለቅሶ ነው የምንሄደው። ሰውዬው ከተቀበሩ ገና ሦስተኛ ቀናቸው ነው። በሳልስታቸው ነገር ይዞ መግባት ነውር ነው።"

"በአባታችን ለቅሶ እሳቸው ያደረጉኝስ?"

ኤርምያስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

የሞቱት ጋሽ አስፋው የዋጫው ቤት አባት ነበሩ። ለወርቅአፈራሁ ከሁሉም ቁስሏ የሚጠዘጥዛት የእሳቸው ነው። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት አባቷ አርፈው ቦንጋ ድንኳን በተተከለ ጊዜ ጋሽ አስፋው ሰው አስከትለው መጡ። ገብተው አለቀሱ፤ እንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ዞር ብለው የሟችን የበኩር ልጅ ክንዷን ያዙና፣ በገዛ ግቢዋ፣ በገዛ አባቷ ለቅሶ፣ የድንኳኑ መግቢያ ላይ ወስደው አስቀመጧት። በእጃቸው የያዟትን የበግ አጎዛ በርጩማው ላይ ጣል አደረጉና "እዚህ ሁኚ፤" አሏት። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ያ አጎዛ ከስድብ ሁሉ ባሰባት። መስደባቸው ሳያንስ አንጥፈው ይሰድቡኛል አለች።

ሚኒባሱ የቦንጋን ዳገት ጨርሶ ወደ ሺሺንዳ ሲያቀና ጭጋጉ ከጫካው ላይ ገና አልተነሳም። ወርቅአፈራሁ እግሯን መወርወሪያው ላይ አሳረፈች። ቦንጋ ገበያ ዳር ኮረሪማና ጥምዝ የምትሸጥባት ሱቅ አለቻት። ይህ እንጨት እዚያች ሱቅ ውስጥ ከጆንያዎቹ በላይ ተንጠልጥሎ ነው የኖረው። ከእሷ በፊት አባቷ ማታ ማታ የቤታቸውን በር ይዘጉበት ነበር። አራተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ከትምህርት ቤት የወጣች ሴት ናት፤ የዚህን እንጨት ታሪክ ግን አባቷ እንዳስተማሯት አንዲት ቃል ሳትጎድል ታውቀዋለች።

ታሪኩ እንዲህ ነው።

ጊዜው የከፋ መንግሥት የወደቀበት ዘመን ነው። ያኔ ንጉሡን ታቶ ይሉታል፤ በታቶው ሥር አንድ አገር የሚገዛውን ሹም ደግሞ ራሾ ይሉታል። ራሾ ጌኖ በጎጀብ በኩል ያለውን አገር ይዘው ነበር። ክንዳቸው ላይ ታቶው የሰጣቸው የብር አምባር፣ ራሳቸው ላይ የጉሬዛ ቆዳ ቆብ፤ ፊታቸው የቀረበ ሰው ጎንበስ ሳይል አይናገርም። አገሩ ዙሪያውን በጥልቅ ጉድባና በአጥር የታጠረ ነው። ሰውም ከብትም የሚያልፈው በኬላ በር ብቻ ነው። የአንዱ ኬላ ቁልፍ በራሾ ጌኖ እጅ ነው፤ ቁልፍ ስል ይህን መወርወሪያ ማለቴ ነው፣ ይሉ ነበር አባቷ።

ራሾ ጌኖ አንዲት ልጅ ነበራቸው። በሰላሙ ጊዜ፣ ነጋዴው በግራም በቀኝም በሚመላለስበት ዘመን፣ ከጎጀብ ማዶ ለሰፈረ ከሰሜን ለመጣ ሹም ዳሯት። ባላምባራስ ዓለሙ ይባላል። ታቶውም ፈቅዶ ነው፤ "እሳት ከመጣ ይህች ልጅ ውኃ ትሁነን፤" ብሎ። ልጅቱ እዚያ ተጠምቃ አብርሆት ተባለች። ወለደችም። የራሾ ጌኖ ታናሽ ወንድም ሻሎ ደግሞ በታቶው ግቢ፣ ከታቶው እልፍኝ በር የማይለይ ባለሟል ነበር። እንግዲህ የአንድ ሰው ቤት እንዲህ ሆነ፦ ወንድም ከዚህ፣ አማች ከዚያ፣ እሳቸው መሐል በር ላይ።

እሳቱ መጣ። ባላምባራስ ዓለሙ ከሚመጣው ጦር ጋር፣ ያውም ፊት ፊት ከሚሄዱት ነው። ከታቶው ዘንድ ትእዛዝ ደረሰ፦ ኬላው ይዘጋ፤ መወርወሪያው አንዴ ከገባ በኋላ ለእናትም ለልጅም አይነሳ።

ራሾ ጌኖ ዘጉ። ከአጥሩ ውጭ ያለው የድንበር ሰው ቤቱ ሲቃጠል ልጁንና ከብቱን እየነዳ መጥቶ በሩ ሥር ተኮለኮለ። ሦስት ቀን አለቀሰ። ራሾ ጌኖ ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም፤ በሩንም አልከፈቱም። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል አንድ የሚያውቁት ድምፅ ሰሙ። አብርሆት ናት። ነጋሪቱ ሲመታ ጨቅላዋን አዝላ፣ የባሏን ቤት ጥላ፣ ወደ አባቷ አገር ሸሽታ መጥታለች።

"አባባ፣" አለች፣ "በሩን እንዳትከፍት። ልጁን ብቻ በአጥሩ ላይ ላቀብልህ።"

ክፈትልኝ ብትል ኖሮ ምናልባት አይከፍቱም ነበር፣ ይሉ ነበር የወርቅአፈራሁ አባት። አትክፈት ስትል ግን መወርወሪያውን በሁለት እጃቸው መዘው አወጡት።

በሩ ከተከፈተ ወዲያ ሰውና ከብት እንደ ጎርፍ ገባ፤ እስከ ቀትር መልሶ መዝጋት አልተቻለም። ቀትር ላይ የፈረስ ኮቴ ተሰማ።

ከዚያ በኋላማ የታቶው ሰዎች አምባሩን ከክንዳቸው ገፈፉ። ያሸነፈው ጦር ካባ አለበሳቸው፣ ባላባት አላቸው፣ ወልደሥላሴ ብሎ አስጠመቃቸው። ካባውን ለጥምቀታቸው ቀን ብቻ ለበሱት፤ ከዚያ ወዲያ ብል በላው። ለዚያኛው ወገን ከሃዲ፣ ለዚህኛው ወገን እምነት የማይጣልበት ሆነው ሃያ ዓመት ኖሩ። ታናሽ ወንድማቸው ሻሎ እስኪሞት ድረስ ከእሳቸው ጋር በአንድ ገበታ አልቀረበም። "ለመሆኑ እርስዎ የየትኛው ወገን ነዎት?" ሲሏቸው "እኔ የደጃፉ ነኝ፤" ይሉ ነበር አሉ።

የቦንጋዎቹ፣ እነወርቅአፈራሁ፣ ከአብርሆት የተወለዱ ናቸው። የዋጫዎቹ፣ እነጋሽ አስፋው፣ ከሻሎ። በሩ የተከፈተው ለአብርሆት ነው፤ ስለዚህ የአብርሆት ዘር በር ላይ ይቀመጥ፤ ወርቅአፈራሁ የተረዳችው እንዲህ ነበር።

ሺሺንዳ ላይ ሚኒባሱ ቆመ። ኤርምያስ ወርዶ ሁለት ሙዝ ይዞላት መጣ።

"ብዪ እስቲ። ምንድን ነው ግን ሐሳብሽ? ንገሪኝና ቢያንስ አልደንግጥ።"

ሙዙን ላጠች። "እገባለሁ። በር ላይ አልቀመጥም። ይህን እንጨት መሐል ቤት ላይ አስቀምጥና 'ወይ ከበር አንሱኝ፣ ወይ ዝምድናችን ዛሬ ያበቃል' እላቸዋለሁ።"

"ያበቃል ቢሉሽስ?"

"ያብቃ! ሰው ዘመድ አለኝ ብሎ ውሻ የሚዘለው ሆኖ ይኖራል?"

"እንደሱ ከሆነ እኔም ዘመድ የለኝም ማለት ነው፤" አለ ኤርምያስ ቀስ ብሎ። "ልጆቼም የላቸውም። አንቺ አንዴ ከተናገርሽ አትመለሺማ።"

ግማሹን ሙዝ ሳትበላው መለሰችለት።

ዋጫ ሲደርሱ ካፊያ ነበር። ሁለቱ ተጋግዘው መወርወሪያውን በትከሻቸው ይዘው በቡና ተክሎቹ መካከል ወዳለው ቤት ወረዱ። ግቢው ውስጥ የተተከለው ድንኳን አንድ ጎኑ ያፈስሳል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹም ሴቶቹም ቆርቆሮ ክዳን ባለው ትልቁ ቤት ታጭቀው ነበር።

አጥሩ ጥግ፣ ከአንድ እንሰት ሥር፣ አንድ ሰውዬና አንዲት ሴት ቆመዋል። ፊታቸው አንድ ሸክም ማገዶ አለ፤ ለለቅሶው ቤት ያመጡት ነው። ሴትዮዋ የእንሰት ቅጠል በራሷ ላይ ይዛለች። ሰውዬው ባዶ ራሱን ነው፤ እንባው ይሁን ዝናቡ አይለይም። የጫካ ዳር ሰዎች ናቸው፤ ከሰልና ማገዶ፣ ማርም ኮረሪማም ከጫካ እያወጡ የሚያመጡ። ለቅሶ ይመጣሉ፤ ደጅ ቆመው ያለቅሳሉ፤ የሚሰጣቸውን ደጅ ተቀብለው ይሄዳሉ። የሰው ደፍ አይረግጡም። ከጥንት የመጣ ነው፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። ወርቅአፈራሁም ጠይቃ አታውቅም። ቦንጋ ሱቋ ኮረሪማ ይዘውላት ሲመጡ እሷም የምትቀበላቸው በመስኮት ነው።

"እግዜር ያጽናችሁ፤" አለቻቸውና አለፈች።

ደጃፉ ላይ የጋሽ አስፋው ልጅ ተስፋሁን ተቀበላቸው። ወረዳ መሬት ቢሮ የሚሠራ፣ ሦስት ቀን ያልተላጨ፣ ዓይኑ ያበጠ ጎልማሳ ነው።

"እትዬ ወርቅአፈራሁ፣ በዚህ ዝናብ! እንኳን መጡልን። ይግቡ፣ ቦታዎ ተይዟል።"

እጁን ወደጠቆመበት አየች። ቤቱ ጢም ብሏል። አዛውንት ሳይቀሩ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ከበሩ በስተቀኝ ግን አንዲት በርጩማ ባዶዋን አለች። የበግ አጎዛ ተነጥፎባታል። በሦስት ቀን ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል፣ ማንም አልተቀመጠባትም።

ደሟ ፈላ። ሞተው እንኳ አልተዉኝም አለች በልቧ።

"አየሁት ተስፋሁን። ዛሬ እዚያ አልቀመጥም።"

ሰውን እየገፋች መሐል ቤት ገባች። ሲባጎውን ፈታች፣ ጆንያውን ገፈፈች፣ መወርወሪያውን አቁማ መሬቱን ሁለት ጊዜ መታች። ለቅሶው ጸጥ አለ።

"የበር ልጅ ከነመወርወሪያዋ መጣች!" አለ አንድ ድምፅ ከጥግ። አቶ ሣህሌ ነው፤ የጋሽ አስፋው የአጎት ልጅ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር የሚቀልድ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቁን በነጠላው አፈነ።

"አዎ፣ መጣሁ፤" አለች ወርቅአፈራሁ። "እግዜር ያጽናችሁ፣ ይህን አስቀድሜ ልበል። ቀጥዬ ግን የመጣሁበትን እናገራለሁ። ራሾ ጌኖ በሩን ከፍተዋል። አልከፈቱም ብዬ ተከራክሬ አላውቅም፤ መዝጊያው ይኸውና። ግን የእሳቸውን በር እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀመጥኩበት። በአባቴ ለቅሶ እንኳ አስቀመጣችሁኝ። በቃኝ። ወይ ዛሬ ይህን እንጨት ተቀብላችሁ እኔን ከበር አንሱኝ፣ ወይ እኔና እናንተ ከዛሬ ወዲያ አንተዋወቅም።"

ኤርምያስ መሬት መሬት አየ። ተስፋሁን አፉን ከፍቶ ቀረ።

"ማናት እሷ?" አሉ ከአልጋው ጫፍ እማማ በዛወርቅ። የሟች ታላቅ እህት ናቸው። ዘጠና ካለፋቸው ቆይቷል፤ ዓይናቸው ከጠፋ አሥር ዓመቱ።

"ወርቅአፈራሁ ነች፣ የቦንጋዋ፤" አሏቸው።

"ያ መሬቱን የመታው እንጨት ነው? አምጪው እስቲ ወዲህ።"

ወሰደችላቸው። አሮጊቷ ከታችኛው ጫፍ ጀምረው በሁለት እጃቸው ዳሰሱት፤ ቀስ እያሉ፣ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው። መሐሉን አልፈው ትንሽ እንደሄዱ ጣታቸው ቆመ። እዚያ ቦታ ላይ ሰያፍ የሆነች ጠባሳ አለች። ወርቅአፈራሁ ዕድሜዋን ሙሉ አይታታለች፤ ከምን እንደመጣች ግን አታውቅም፣ አባቷም አልነገሯትም።

"እውነቷን ነበር፤" አሉ እማማ በዛወርቅ። "ጠባሳዋ ይኸው አለች።"

"ማን ናት?" አለች ወርቅአፈራሁ።

"አያቴ። ያን ቀን በዚያ በር ከገቡት አንዷ ናት። የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፣ እናቷ እሳት ውስጥ የቀረች። ራሾ ጌኖ መወርወሪያውን ሊመዙ ሲሉ አንድ ጠባቂ 'የታቶው ትእዛዝ ነው!' ብሎ ጩቤ ሰነዘረ፤ እንጨቱ ላይ አረፈ። አያቴ በአጥሩ ቀዳዳ አይታዋለች። ኋላ አድጋ የሻሎን ልጅ አገባች፤ እኛን አስገኘች። ያ በር ባይከፈት እኔም የለሁ፣ አስፋውም የለ፣ ይህ የሚስቀው ሣህሌም የለ።"

"ይህንማ ሰምተናል እማማ፤" አለ አቶ ሣህሌ።

"ሰምተህ ነው እንዲህ የምትዘባርቅ? እንግዲያው ያልሰማኸውን ልንገርህ። እነዚያ ከእሳት ያመለጡ ሰዎች መጥተው እዚህ ሰፈሩ። ቤት ሠሩ፤ ቤት ሠርተው ግን እንቅልፍ አልወስድ አላቸው። ማታ በር ሲዘጋ ሴቶቹ ይጮኻሉ፣ ልጆቹ ይባንናሉ። ውጭ ተዘግቶባቸው ሦስት ቀን ያደሩ ናቸዋ! ራሾ ጌኖ ሊጠይቋቸው ከቦንጋ ሲመጡ 'ጌታችን፣ እርስዎ በር ላይ ይቀመጡልን' አሏቸው። እሳቸው ከተቀመጡ በር አይዘጋባቸውማ። እሳቸውም የራሾ ወንበር ይቅረብልኝ አላሉም፤ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። እህል ሲቀርብም ሰው ሁሉ ገብቶ ሳያልቅ አይቀምሱም ነበር፤ የኬላ ሹም እንዲህ ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ያ ቦታ የእሳቸው ነው። ከእሳቸው በኋላ የአብርሆት ልጆች ነው። ሌላ ሰው አይቀመጥበትም።"

ወርቅአፈራሁ ወደ አሮጊቷ ጠጋ አለች።

"በአባቴ ለቅሶስ?"

"በአባትሽ ለቅሶ ያን ቦታ ካንቺ በቀር ለማን ይስጠው? አስፋው አንቺን ለማስቀመጥ ብሎ ነው ቦንጋ ድረስ የሄደው። አጎዛውን ከገዛ አልጋው ላይ ነው ያነሳው፤ 'ቀዝቃዛ ላይ እንዳትቀመጥ' ብሎ።"

"ታዲያ አይናገሩም?" ድምፅዋ ቤቱን አናወጠው። "ሠላሳ አንድ ዓመት አፋቸውን ምን ይዞት ነበር? እኔ በየዓመቱ ቆዳዬ ሲላጥ እሳቸው እያከበሩኝ ነበር?"

"አስፋው?" አሉ አሮጊቷ። "አስፋው ለሚስቱ እንኳ ራበኝ ብሎ አያውቅም፤ ፊቱን እያየች ነበር የምታቀርብለት። አንቺ የምታውቂ መስሎት ነው። እኛ ሁላችንም የምታውቂ መስሎን ነው። የራሾ ጌኖ ልጅ የራሾ ጌኖን ወንበር ሳታውቅ ትቀራለች ብሎ ማን ይገምታል?"

"እኔስ ስሰድባት ነው የኖርኩት፤" አለ አቶ ሣህሌ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ። "አባቴም ሲሰድቡ ነው የሰማሁ። በር ከፋች፣ በር ከፋች እያልን።"

"አባትህ ምን ያውቃል፤" አሉ እማማ በዛወርቅና መወርወሪያውን መለሱላት። "ያን ቀን ብቻ በዚያ በር ሲገባ 'የማን ወገን ነህ፣ የማን ዘር ነህ' የተባለ ሰው የለም። አያቴ እንዲያ ትል ነበር። ማገዶ ለቃሚው ከባላባት ሚስት ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው የገባው። ለአንድ ቀን።"

ተስፋሁን ከተቀመጠበት ተነሳ። የአባቱን ባለመደገፊያ ወንበር በነጠላው ጫፍ ጠረገና ወደ እሷ አዞረላት።

"እትዬ፣ እኛ አጥፍተናል። እዚህ፣ አባቴ ቦታ ይቀመጡ። ከእንግዲህ ቦታዎ ይኸው ነው።"

ወርቅአፈራሁ ወንበሩን አየች። ሠላሳ አንድ ዓመት የፈለገችው ይህንኑ ነበር። በሕልሟ ስንት ጊዜ ተቀምጣበታለች! የአሮጊቷ ወሬ እውነት ይሁን፣ ቤት እንዳይፈርስ ብለው ያሳመሩት ይሁን፣ ልቧ ወዲያና ወዲህ አለ። ጠባሳዋን ግን ሳያዩ አግኝተዋታል። የቀረውን ሊመሰክር የሚችለው ሰው ከትናንት ወዲያ አፈር ገብቷል። ባዶዋን በርጩማ መልሳ ተመለከተች። በዚህ ሁሉ ዓመት አጎዛ ተነጥፎላት ያልጠበቃት ቀን እንደሌለ አሁን ገና ትዝ አላት። ለቀሩት ሰዎች ሲነጠፍ አይታ አታውቅም።

ከበርጩማዋ አሻግራ በበሩ ወደ ውጭ አየች። ካፊያው ዝናብ ሆኗል። ሁለቱ ሰዎች እንሰቱ ሥር እንደቆሙ ናቸው።

መወርወሪያውን አንስታ ወደ በሩ ተመለሰች። አጎዛው ላይ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ "ተመስገን" አለ፤ ኤርምያስም ትንፋሹን ለቀቀ። ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሏቸው ነበር።

"እናንተ!" ብላ ወደ ውጭ ተጣራች። "እንሰቱ ሥር ያላችሁ! ዝናብ እየደበደባችሁ ምን ትሠራላችሁ? ኑ ግቡ!"

ሰውዬው የተጠራውን ሰው ፍለጋ ወደ ኋላው ዞረ።

"አንተን ነው። እሷንም።"

ቤቱ ውስጥ ሹክሹክታ ሲነሳ፣ ሲጠፋ፣ እንደገና ሲነሳ ተሰማት። አቶ ሣህሌ ቆመ።

"እትዬ ወርቅአፈራሁ፣ ይሄስ አይሆንም። እነሱ አይገቡም፤ ያውቁታል፣ እርስዎም ያውቁታል። ደግሞስ ይህ የእርስዎ ቤት አይደለም።"

"ልክ ነህ፤ ቤቱ የእናንተ ነው፤" አለች ሳትቆጣ። "በሩ ግን የእኔ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አስቀምጣችሁኛል።"

አቶ ሣህሌ ወደ ተስፋሁን አየ። ተስፋሁን ወደ አክስቱ አየ። እማማ በዛወርቅ አያዩም፤ ግን እግራቸውን ሰብስበው አልጋው ጫፍ ላይ ጠጋ አሉና አጠገባቸው ያለውን ቦታ በመዳፋቸው ደልደል አደረጉት። ተስፋሁን ባለመደገፊያውን ወንበር ከመንገዱ ላይ አነሳ። ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። የቀሩት ተቀመጡ።

ሰውዬው ደፉ ጋ ሲደርስ እግሩን አንስቶ በአየር ላይ ያዘው። ጎልማሳ ሰው፣ ትልቅ ሸክም የሚሸከም ሰው፣ አንዲት እንጨት ደፍ መሻገር አቃተው። ወርቅአፈራሁ መወርወሪያውን ከውጭ በኩል ግድግዳው ላይ አስደገፈችና እጇን ዘረጋችለት። ያዛትና ገባ። ሴትዮዋ የእንሰት ቅጠሏን ደጅ አስቀምጣ ተከተለችው።

"ስምሽ ማን ነው?"

"ፍሬ።"

"ግቢ ፍሬ። እማማ ጎን ቦታ አለ።"

ቦንጋ ያለችው የሱቋ መስኮት ትዝ አለቻት፤ ፊቷን አጨማደደች። እሱ የነገ ሥራዋ ነው።

ወጥ የያዘችው ልጅ ከጓዳ ወጣች። የተባለውን ሁሉ ሰምታ ስለነበር ዛሬ ከወትሮው ለይታ ቀጥታ ወደ በሩ መጣችና አጎንብሳ ለወርቅአፈራሁ አቀረበችላት።

"ለእኔ ይቆይ፤" አለቻት። "መጀመሪያ ለእነሱ።"

ልጅቱ ቤቱን ዞረች። ለሽማግሌዎቹ፣ ለሴቶቹ፣ ለኤርምያስ፣ ለአቶ ሣህሌም ሳይቀር፤ አልጋው ጫፍ ላይም ለሦስት ሰው አቀረበች። ወርቅአፈራሁ በዚያ ሁሉ መሐል ዓይኗን ከግቢው መግቢያ አላነሳችም። ዝናቡ ጋብ አለ። መንገዱ ላይ የሚመጣ አልነበረም።

"ሁሉም ገብቷል፤" አለቻት ወርቅአፈራሁ ልጅቱ ስትመለስ። "አሁን አምጪልኝ።"